መንገድ ላይ የተጻፈው ችሎት ላይ ይነበባል

«ትራፊክ ከሶኛል፤ ቆቦ ፍርድ ቤት ቅረብ ተብያለሁ።» በራያ ሜዳ ባለችው ሮቢት አንድ ሹፌር ይህን ሲናገር ሻይ ቤቱ በሙሉ መካሪ ይሆናል። አንዱ «ጥፋተኛ ነኝ በልና ተገላገል» ይላል። ሌላው «አትሂድ፣ ይረሱታል» ይላል። ሦስተኛው «የማውቀው ሰው አለ» ብሎ ስልኩን ያወጣል። ሦስቱም ሰውየውን የሚወዱ ናቸው፤ ሦስቱም ግን ነገሩን ሊያከብዱበት ይችላሉ። እኔ ሕጎቹን ማገላበጥ ከጀመርኩ ወዲህ ያገኘሁትን ለወዳጅ ሳልነግር ማደር አቅቶኛል። ዳኛ ፊት መቆም ሁላችንንም ያስፈራናል፤ የትራፊክ ጉዳይ ግን አብዛኛው ክፍል ከዚያ በፊት ያልቃል። የሚያልቀው አስፋልቱ ዳር ነው፤ ወረቀቱ ሲጻፍ፣ ፕላኑ ሲነሳ፣ ቃላችሁን ስትሰጡ። ስለዚህ ከዚያው ከአስፋልቱ እንጀምር።

ሮቢት ያለችበትን ቦታ አስቡት። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደሴና በወልድያ አልፎ ወደ አላማጣና መቀሌ የሚሄደው ዋና መንገድ ከተማዋን መሃል ለመሃል ይሰነጥቃታል። ዳገትና ጠመዝማዛ ሲያንገላታው የቆየ ሹፌር የራያ ሜዳ ሲዘረጋለት እግሩን ነዳጅ ላይ ይጭናል። ሜዳው ደግሞ ባዶ ሆኖ አይጠብቀውም። የማሽላ አገዳ የተሸከመ ግመል፣ በጎብዬና በሮቢት መካከል የሚመላለስ ባጃጅ፣ ጋሪ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ፣ ማታ ከግጦሽ የሚገባ ከብት፣ ሁሉም የሚጠቀመው ያችኑ አንድ አስፋልት ነው። ሲኖትራኩና አይሱዙው ለረጅም መንገድ የተጠረገ ጎዳና ያያሉ፤ የአገሬው ሰው ደግሞ ከቤቱ ወደ ማሳው የሚሻገርበትን መንገድ። በዚህ ላይ የሚነሳ ክስ ብዙ ዓይነት ነው።

መጀመሪያ መለየት ያለባችሁ የያዛችሁት ወረቀት የቱ እንደሆነ ነው። በየቀኑ የምናየው የቅጣት ወረቀት በደንብ መተላለፍ የሚሰጥ ነው፤ ቀበቶ አለማሰር፣ ትርፍ መጫን፣ በተከለከለ ቦታ መቆም፣ እያሽከረከሩ ስልክ ማውራት የመሳሰለው። ለዚህ ለብዙ ዓመታት የሠራው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 208/2003 ነበር። በ2009 ዓ.ም. በደንብ ቁጥር 395 ተሻሻለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ደንብ ቁጥር 557 መጣ። ይህን የምዘረዝረው ለምን መሰላችሁ? «ለእሱማ ቅጣቱ ይህን ያህል ብር ነው» የሚላችሁ ወዳጅ የሚያስታውሰው የትኛውን ደንብ እንደሆነ አይታወቅምና ነው። መጠኑ ተቀይሯል፣ የጥፋት ነጥብ የሚያዝበትም ሁኔታ እንዲሁ። የምታምኑት ወረቀቱን ይሁን። ጥፋቱ የተባለው ምንድን ነው? የትኛው አንቀጽ ተጠቅሷል? ስንት ብር፣ የት፣ እስከ መቼ? ሰዓቱና የሰሌዳ ቁጥሩ በትክክል ተጽፏል? ያለ ደረሰኝ አንድም ብር ከእጃችሁ አይውጣ። ጥፋቱን የማታምኑ ከሆነ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት ቅሬታችሁን በጽሑፍ አቅርቡና ቅጂ አስቀሩ፤ ከፍሎ መጨቃጨቅ አምኖ እንደመካድ ስለሚቆጠር ሰሚ አያገኝም።

ፍርድ ቤት የሚያደርሰው ሌላው ወረቀት ነው። ሰው ሲጎዳ ወይም ሲሞት፣ ንብረት ሲወድም፣ ያለ መንጃ ፈቃድ ወይም በሐሰተኛ መንጃ ፈቃድ ሲነዳ፣ ጠጥቶ ሲነዳ፣ ወይም ቅጣቱን ተከሳሹ አልቀበልም ሲል ጉዳዩ ከክፍያ መስኮት ወደ ችሎት ይሻገራል። በነገራችን ላይ በዓለም ላይ በፍጥነት ተከሰው ከተቀጡት ሹፌሮች የመጀመሪያው ነው የሚባለው እንግሊዛዊው ዋልተር አርኖልድም ችሎት ቀርቧል። ጊዜው በፈረንጆች አቆጣጠር ጥር 1896 ነበር። በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚፈቀድበት ሰፈር ውስጥ ወደ 13 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ፖሊስ በብስክሌት አሳዶ ያዘው፤ አንድ ሽልንግና ኪሳራ ከፈለ። ዛሬ የሮቢት ባጃጅ በዚያ ፍጥነት ቢሄድ ተሳፋሪው «ወርጄ በእግሬ እቀድመው ነበር» ይላል። ያኔም ቢሆን ጥያቄው የዛሬው ነበር፦ ምን ታየ፣ ማን አየ፣ ምን ተጻፈ?

አሁን ወደ ፕላኑ። ግጭት ሲፈጠር ትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ «ፕላን ያነሳል»። ይህ ወረቀት የአደጋው ቦታ ሥዕል ነው። የመንገዱ ስፋት፣ ተሽከርካሪው የመጣበትና የሚሄድበት አቅጣጫ፣ የግጭቱ ነጥብ፣ የፍሬን ምልክቱ ርዝመት፣ መኪናው በመጨረሻ የቆመበት ቦታ፣ የተጎዳው ሰው የወደቀበት ቦታ ይሰፍርበታል። ከስድስት ወር በኋላ ዳኛው ያንን አስፋልት አያዩትም፤ የሚያዩት ሥዕሉን ነው። ዐቃቤ ሕግም ክሱን የሚያቆመው በዚያው ላይ ነው። ምስክር ይረሳል፣ የፍሬን ምልክት በሁለት ቀን ይጠፋል፣ ፕላን ግን መዝገብ ውስጥ ይቀመጣል።

ስለዚህ እጅ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን የሚሠራ ሥራ አለ። ከሁሉ በፊት የተጎዳ ሰው ወደ ሕክምና ይሂድ፤ ይህን ለማድረግ መኪና መንቀሳቀስ ካለበት ጎማው የነበረበትን ቦታ በድንጋይ ምልክት አድርጉ፣ በስልክም ፎቶ አንሱ። ከሩቅም ከቅርብም አንሱ፤ ከሩቅ የተነሳው ፎቶ መታጠፊያውን፣ የመንገድ ምልክቱን፣ ዛፉን ያሳያል። ያዩ ሰዎችን ስምና ስልክ ያዙ። ወሬው ሲበርድ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባልና በኋላ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ፕላኑ ሲነሳ አጠገቡ ቁሙ፤ ርቀት ሲለካ ከየት እስከ የት እንደተለካ እዩ። ያልተስማማችሁበት ልክ ካለ በዚያው ሰዓት፣ በትሕትና፣ «ይህ ይመዝገብልኝ» በሉ። ረጋ ብሎ የተጠየቀ ትራፊክ ፖሊስ ብዙውን ጊዜ ይመዘግባል፤ እሱም ነገ ምስክር ሆኖ እንደሚጠየቅ ያውቃል።

ከፕላኑ ቀጥሎ ቃል መስጠት አለ፤ ሰው ራሱን በራሱ የሚያስረው እዚህ ላይ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ያለመናገር መብት እንዳለው ይደነግጋል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም በአንቀጽ 27 ተጠርጣሪው መልስ ለመስጠት እንደማይገደድ፣ የሚናገረው ግን ተመዝግቦ ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል ሊነገረው እንደሚገባ ይላል። ይህ ማለት አትናገሩ ማለቴ አይደለም። ያያችሁትን ተናገሩ፤ ያላወቃችሁትን አትገምቱ። «ፍጥነትህ ስንት ነበር?» ሲባል ዳሽቦርዱን ያላየ ሰው «60 ብሆን ነው» ካለ፣ ያ ግምት በመዝገብ ላይ እምነት ሆኖ ይቀመጣል። «በዚያች ቅጽበት አላየሁትም» ማለት እውነት ከሆነ እውነት ነው። ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡ፤ ማንበብ የማይችል ሰው ይነበብልኝ ይበል። ያላላችሁት ቃል ካለ ሳይታረም አትፈርሙ።

እስቲ አንድ ምሳሌ እናንሳ። ጀንበር ስትጠልቅ፣ ከጎብዬ ወደ ሮቢት የሚመጣ አይሱዙ ግመል ገጨ እንበል። ግመሉ ሞተ፣ የመኪናው ግንባር ተሰበረ፣ ባለግመሉ ዱላውን ይዞ ቆመ። ጥፋተኛው ማን ነው? መንገድ ላይ የሚሰጠው ፍርድ ፈጣን ነው፤ «መኪና ያለው ይክፈል» ይባላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ሁለቱንም ወገን ይመለከታል። በአንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ፣ መሰረቁን ካላስረዳ በቀር። ረዳቱን «እስቲ ትንሽ ንዳ» የሚል ባለመኪና ይህን አንቀጽ ቢያነበው ደስ ይለኛል። በአንቀጽ 2071 ደግሞ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል፤ እንስሳው ሳይታሰብ አምልጦት ቢሆንም። ስለዚህ ግመሉ በጨለማ ያለ ጠባቂ አስፋልት ላይ ተኝቶ ነበር ወይስ ባለቤቱ እየመራው ቀስ ብሎ ሲሻገር ነበር የሚለው ነገሩን ሙሉ በሙሉ ይቀይረዋል። ይህንንም የሚመልሰው ፕላኑ፣ ፎቶውና ያ ስልኩ የተያዘው ምስክር ነው። ሁለት መኪና ተጋጭተው ቢሆንስ? አንቀጽ 2084 ሁለቱም እኩል እንዳጠፉ ይገምታል፤ ጉዳቱንም ለሁለት ይካፈሉታል። አንደኛው ሹፌር ብቻውን ወይም በዋናነት ማጥፋቱ ሲረጋገጥ ግን ግምቱ ይፈርሳል። «እሱ ነው የመጣብኝ» የሚል ሁሉ የማስረዳት ሸክም አለበት ማለት ነው።

ሰው ሲጎዳ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የብዙ ሰው ሕይወት የሚበላሸው በዚህ ነውና።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በቸልተኝነት ሰው መግደልን በአንቀጽ 543 ሦስት ደረጃ አድርጎ ያየዋል። የመጀመሪያው የማንኛውም ሰው ቸልተኝነት ነው፤ ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት፣ ወይም ከ2,000 እስከ 4,000 ብር መቀጮ። ሁለተኛው የሰውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበትን ሰው ይመለከታል። ሕጉ ሐኪምንና አሽከርካሪን በስም ይጠቅሳቸዋል፤ ቅጣቱም ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ቀላል እስራትና ከ3,000 እስከ 6,000 ብር ነው። ሹፌርን ከሐኪም ጎን ያስቀመጠው ይህ አንቀጽ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። መሪ የጨበጠ ሰው የሰው ነፍስ በእጁ እንዳለ ሕጉ እንደዚህ ግልጽ አድርጎ ነግሮታል። ሦስተኛው ደረጃ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር ያስቀጣል። ይህ የሚመጣው ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ወይም አሽከርካሪው ግልጽ የሆነ ደንብ ሆን ብሎ ጥሶ ሲገኝ፣ ወይም በመጠጥና በአደንዛዥ ዕፅ ራሱን ከኃላፊነት ውጪ ሲያደርግ ነው።

«ግልጽ የሆነ ደንብ» የሚለውን ልብ በሉ። በአዘቦት ቀን መቀጮ ብቻ ያስከፍል የነበረው ጥፋት፣ ለምሳሌ በማይፈቀድ ቦታ መቅደም፣ ሰው የሞተ ዕለት የሦስት ዓመትና የአሥር ዓመት ልዩነት ይሆናል። ትንሹ የቅጣት ወረቀትና ትልቁ የወንጀል ክስ የሚገናኙት በዚህች ሐረግ ነው። ጉዳዩም ችሎት ሲደርስ ዋናው ክርክር ብዙ ጊዜ እሷው ትሆናለች፦ ደንብ ተጥሷል ወይ? ተጥሶ ከሆነስ ሆን ተብሎ ነው?

ሰው ቆስሎ ከሆነ አንቀጽ 559 አለ፤ ከባድ ጉዳት ሲደርስ ወይም ጥፋተኛው እንደ ሹፌር ያለ የሙያ ግዴታ ያለበት ሲሆን ቅጣቱ ይጠነክራል። አንቀጽ 575 ደግሞ አደጋ ላይ ያለን ሰው ሳይረዱ መተውን በራሱ ወንጀል ያደርገዋል፤ ጉዳቱን ያደረሰው ሰው ራሱ ጥሎ ሲሄድ ይከብድበታል። ሹፌር የሚሸሸው ሁልጊዜ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ የሟች ወገን ይገድለኛል ብሎ የሚፈራ አለ፣ ፍርሃቱም ከንቱ አይባልም። የሚሸሽ ሰው ግን ወደ ፖሊስ ይሽሽ። የቀረበው ፖሊስ ጣቢያ ሮቢትም ይሁን ቆቦ በቀጥታ ሄዶ እጅ መስጠትና የት፣ መቼ፣ ምን እንደተፈጠረ ማስመዝገብ ከመሸሽ የተለየ ተግባር ነው። ኋላም ያተርፈዋል። አንቀጽ 82 ቅጣት የሚቀልባቸውን ምክንያቶች ሲዘረዝር ተጎጂን መርዳትን፣ ጥፋትን ማመንን፣ ራስን ለባለሥልጣን መስጠትንና ጉዳቱን በተቻለ መጠን መካስን ይጨምራል።

ሕክምና ላይ «ማን ይከፍላል?» ተብሎ ሰው ሲጠብቅ እንዳይሞት አንድ ነገር ልጨምር። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን የተሽከርካሪ መድን አዋጅ ቁጥር 799 በተሽከርካሪ አደጋ ለተጎዳ ማንኛውም ሰው፣ ያኔ እስከ 2,000 ብር የሚደርስ፣ አስቸኳይ ሕክምና ሳይከፍል እንዲያገኝ ደንግጓል። አዋጁ ሲወጣ በሞት ከ5,000 እስከ 40,000 ብር፣ በአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር፣ በንብረት እስከ 100,000 ብር የመድን ሽፋን አስቀምጦ ነበር። ገንዘቡ ለደረሰው ሐዘን ትንሽ ነው፤ ቢሆንም የማይጠይቀው ቤተሰብ ብዙ ነው። የሚጠየቅበት ማስረጃ ደግሞ ያው የትራፊክ ፖሊሱ ሪፖርትና የሐኪም ወረቀት ነው።

የታሰረ ሹፌር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ከተያዘበት ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ዋስትናን በሚመለከት የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 63 ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ወንጀሉ ሞት ወይም አሥራ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ነው ወይ? ተጎጂውስ ሊሞት ይችላል ወይ? በቆቦ ወይም በወልድያ ሆስፒታል የተኛ ሰው ሕይወቱ ሳይለይ ሹፌሩ ዋስትና ሲከለከል ቤተሰቡ «አድልዎ ነው» ይላል፤ ምክንያቱ ግን እዚህ አንቀጽ ውስጥ ተጽፏል። ተጎጂው ሲሻለው የሐኪም ማስረጃ ይዞ የዋስትና ጥያቄውን እንደገና ማቅረብ ይቻላል።

ራያ ስንሆን ሽማግሌዎቹን ሳናነሳ ማለፍ አይቻልም። በራያ ቆቦ ዘወልድ የሚባለው የሽምግልና ሥርዓት፣ በወሎም አበጋር የሚባሉት ሽማግሌዎች፣ ደም እንዳይመለስ ስንት ዘመን የለፉ ናቸው። የሹፌሩ ወገን ሽማግሌ ልኮ፣ ለቅሶ ደርሶ፣ ካሳ ተነጋግሮ ደም ማድረቁ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ይህን ሥርዓት ከልቤ አከብረዋለሁ፤ ፍርድ ቤት የሟችን ወንድምና የሹፌሩን አጎት አንድ ገበያ ላይ አያገናኛቸውም፣ ሽማግሌ ግን ያገናኛቸዋል። ሆኖም ሰዎች የሚሳሳቱበት ነጥብ አለ። በሞት የተከፈተ የወንጀል መዝገብ በእርቅ አይዘጋም። ከሳሹ መንግሥት ነውና «ታርቀናል፣ አልሄድም» ያለ ሹፌር ቀጠሮው ሲያልፍበት ሌላ ችግር ይገዛል። እርቁን ችሎት ውስጥ አምጡት። የእርቅ ሰነዱ ቀን፣ የሽማግሌዎቹ ስምና ፊርማ፣ የተከፈለው ካሳ መጠን ተጽፎበት፣ የሟች ቤተሰብ ፈርሞበት ከመዝገቡ ጋር ይያያዝ። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ማቅለያ ሲጠየቅ ዋናው ማስረጃ እሱ ነው።

መጥሪያው ሲደርሳችሁ ሦስት ነገር ገልብጡ፦ የመዝገብ ቁጥሩን፣ የተጠቀሰውን አንቀጽ፣ ችሎቱና ቀጠሮው የትና መቼ እንደሆነ። ቆቦ ነው ወይስ ወልድያ የሚለውን በግምት አትሂዱበት። ጉዳዩ መቀጮ ብቻ የሚያስቀጣ የደንብ መተላለፍ ከሆነ፣ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 168 ፍርድ ቤቱ ተከሳሹ በአካል ሳይቀርብ በጽሑፍ ጥፋቱን እንዲያምን ሊፈቅድለት እንደሚችል ይላል። ለረጅም መንገድ ሹፌር ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ጅቡቲ ጭነት ላይ ያለ ሰው ለአንድ መቀጮ ቆቦ ድረስ ከሚመላለስ «ይህ ይፈቀድልኛል ወይ?» ብሎ መዝገብ ቤቱን ይጠይቅ። ያልጠየቀውን ሰው ማንም አይነግረውም።

ችሎት ገብታችሁ ክሱ ሲነበብ መጀመሪያ የምትጠየቁት መቃወሚያ እንዳላችሁ ነው። የሰሌዳ ቁጥሩ፣ ቀኑ ወይም ቦታው ተሳስቶ ከሆነ ጊዜው ያኔ ነው። ቀጥሎ «ድርጊቱን ፈጽመሃል? ጥፋተኛ ነህ?» ይባላል። እዚህ ላይ የሻይ ቤቱን መካሪ እርሱት። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 134 የጥፋተኝነት እምነት የሚለው ተከሳሹ የወንጀሉን ፍሬ ነገር በሙሉ ያለ ምንም ማስተባበያ ሲያምን ነው። «አዎ ገጭቼዋለሁ፣ ግን በቀኝ በኩል ቀስ እያልኩ እየሄድኩ ሳለ በድንገት ገባብኝ» የሚል ሰው መግጨቱን አመነ እንጂ ማጥፋቱን አላመነም፤ ፍርድ ቤቱም እንደ ክህደት ነው መመዝገብ ያለበት። በአጭሩ፣ በግልጽ፣ እውነቱን ተናገሩ። ያጠፋ ሰው ቢያምን አይጎዳም፤ ያላጠፋ ሰው ለመገላገል ብሎ ቢያምን ግን የማያውቀውን ጥፋት በመዝገቡ ላይ ተሸክሞ ይኖራል።

ክህደት ከተመዘገበ የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ይሰማሉ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ተከሳሽ የቀረበበትን ማስረጃ የማየትና ምስክር የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ ጥፋተኛ እስኪባል ድረስም ንጹሕ ነው ተብሎ ይገመታል። ምስክር ስትጠይቁ አትሟገቱ፤ አጫጭር ጥያቄ ጠይቁ። «የት ቆመህ ነበር? ስንት ሜትር ይርቃል? ብርሃን ነበር? ግጭቱን አይተህ ነው ወይስ ድምፁን ሰምተህ ዞርክ?» ከድምፅ በኋላ የዞረ ምስክር ብዙ ነው፣ እሱም ራሱ ሳያውቀው ያየ ይመስለዋል። በዚህ መንገድ ላይ የሚነዱ አፋርኛ፣ ትግርኛና አፋን ኦሮሞ ተናጋሪዎች ብዙ ናቸው፤ በዚያው አንቀጽ 20 መሠረት ክርክሩ በማይገባቸው ቋንቋ ከሆነ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይመደብላቸዋል። ጠበቃ የማቆም አቅም የሌለውና ፍትሕ ሊጓደልበት የሚችል ተከሳሽም በመንግሥት ወጪ ጠበቃ ሊያገኝ ይችላል። ለመቀጮ ጉዳይ ጠበቃ ላያስፈልግ ይችላል፤ አንቀጽ 543 የተጠቀሰበትን ክስ ግን ብቻውን የሚገባበት ሰው እንዳይኖር እመኛለሁ።

የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ካላስረዳ ተከሳሹ መከላከል ሳያስፈልገው በነጻ ይሰናበታል፤ ካስረዳ «ተከላከል» ይባላል። ያኔ ፎቶዎቹ፣ ስልካቸውን የያዛችሁት ምስክሮች፣ የመኪናው የቴክኒክ ምርመራ ወረቀት ተራቸው ይደርሳል። ጥፋተኛ ከተባላችሁም ሁሉም ነገር አላለቀም። የቅጣት አስተያየት ሲጠየቅ ብዙ ሰው «ልጆች አሉኝ» ብሎ ይቀመጣል። ይልቅስ የጥፋት ሪከርድ እንደሌለበት፣ ተጎጂውን እንዳሳከመ፣ እንደካሰ፣ እንደታረቀ በወረቀት ያስረዳ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ቁጥር 2/2006 ዳኞች ቅጣትን በእርከን እንዲያሰሉ ያደርጋል፤ እያንዳንዱ የተረጋገጠ ማቅለያ እርከን ይቀንሳል። ቅጣቱ በገደብ እንዲሆንም መጠየቅ ይቻላል።

«አትሂድ፣ ይረሱታል» ስላለው ወዳጅ አንድ ቃል። አይረሱትም። የደንብ መተላለፍ ክስ ተከሳሹ በሌለበት ሊታይና ሊፈረድ ይችላል። በሌለበት የተፈረደበት ሰው ፍርዱን ባወቀ በ30 ቀን ውስጥ እንዲነሳለት ያመለክታል፤ መጥሪያ አለመድረሱን ወይም ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት እንደነበረው ማስረዳት አለበት። እዚህ አካባቢ ባለፉት ዓመታት በጦርነትና በጸጥታ ችግር መንገድ ስንት ጊዜ ተዘግቷል። እንዲህ ያለ ቀን ቀጠሮ ያለፈበት ሰው መንገድ መዘጋቱ ሁሉም ያወቀው ነው ብሎ አይተወው፤ ከቀበሌው ደብዳቤ ያጽፍና መንገዱ በተከፈተ ማግስት ለፍርድ ቤቱ ያቅርብ። «የማውቀው ሰው አለ» ላለው ደግሞ፣ የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ሰጪውንም ተቀባዩንም እንደሚቀጣ ንገሩት። በትንሽ መቀጮ ጉዳይ የገባ ሰው በሙስና ክስ እንዲወጣ ማን ይፈልጋል?

በነጻ የተሰናበተ ሹፌርም የካሳ ጥያቄ ሊመጣበት ይችላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2149 የካሳውን ጉዳይ የሚያይ ፍርድ ቤት በወንጀል ነጻ የመባሉ ውሳኔ እንደማያስገድደው ይናገራል። ካሳ የሚጠይቅ ተጎጂ ደግሞ በመርሕ ሁለት ዓመት ነው ያለው፤ «ወንጀሉ ይለቅና» እያለ የሚያሳልፍ ቤተሰብ ጊዜው አልፎበት ሊያገኘው ይችላል። ጥያቄውን በወንጀሉ መዝገብ ላይ አብሮ እንዲታይለት ማመልከትም ይቻላል።

በውሳኔው ያልተስማማ ሰው በ15 ቀን ውስጥ የፍርድ ግልባጭ ይጠይቅ፣ ግልባጩ በእጁ ከገባ በ30 ቀን ውስጥ የይግባኝ ማመልከቻውን ያስገባ። የቆቦ ወረዳ ፍርድ ቤት የወሰነው ይግባኝ ወልድያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይታያል። የተስማማ ሰው ደግሞ መቀጮውን ከፍሎ የደረሰኙን ቅጂ ከመዝገቡ ጋር ማያያዙን ያረጋግጥ፤ መንጃ ፈቃዱ ወይም ሊብሬው ተይዞ ከነበረ እንዲለቀቅለት ከፍርድ ቤቱ ለትራፊክ ፖሊስና ለትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ አጽፎ፣ ዋናውን አስረክቦ ቅጂውን በመኪናው ኪስ ውስጥ ይያዝ።